አቡነ ማስያስ፦ የፈንጣጣ ክትባት ይዘው ዓባይን የተሻገሩት ጳጳስ

ዛሬ የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ተብሎ የሚጠራው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መንበር የታሪኩን መነሻ የሚቆጥረው ከአንድ ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ ነው። ስማቸው ጉልዬልሞ ማሳያ ይባላል። የሀገራችን ሰው ግን አቡነ ማስያስ ይላቸው ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ደግሞ የፈንጣጣው ጌታ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ለአርሶ አደር አንባቢ ከጵጵስናቸው ይልቅ ይህ ሁለተኛው ስም ይቀርበዋል ብለን እንገምታለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱት በ1809 በሰሜን ጣሊያን፣ በአስቲ አካባቢ በምትገኝ ፒዮቫ በተባለች መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሎሬንሶ ሲሆን ጉልዬልሞ የተባሉት በምንኩስና ነው። ከቅስና በኋላ በቶሪኖ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የሕሙማን አጽናኝ ካህን ሆነው ሠርተዋል። በዚያ ሳሉ ከሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው የሕክምናንና የቀዶ ጥገናን ሀሁ ቀሰሙ። ይህች ትርፍ ዕውቀት ኋላ በኢትዮጵያ ምድር ከስብከታቸው ቀድማ በር የምትከፍትላቸው ሆነች።

በ1846 ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ምድር የሚሆን አዲስ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቋሙ። ቪካሪያት ማለት ገና ሀገረ ስብከት ለመሆን ያልደረሰ፣ በቀጥታ ከሮም የሚተዳደር የስብከት ክልል ነው። ሐሳቡን ወደ ሮም የጻፈው በኢትዮጵያ ብዙ የተዘዋወረው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ነበር። አቡነ ማስያስም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነው የጵጵስና ማዕረግ ተቀብለው በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ።

ነገር ግን ከምጽዋ እስከ ተሾሙበት ምድር ለመግባት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሰላማ የካቶሊክ መልእክተኞችን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ከእሳቸው ወገን ሲታይ ተቃውሞው የሚጠበቅ ነው፤ በራሳቸው መንጋ ላይ ሌላ እረኛ ሲመጣ ዝም ሊሉ አይችሉም ነበርና። አቡነ ማስያስ በትግራይ ጥቂት ቆይተው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። በ1849 በትግራይና በአካለ ጉዛይ ያስተምሩ የነበሩትን አቡነ ያዕቆብን፣ ማለትም ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ በምጽዋ የጵጵስና ማዕረግ ሾሙ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄደው በግብፅና በሱዳን በኩል ዳግም ተነሡ። በዚህ ጉዞ ጳጳስነታቸውን ሰውረው ጆርጆ ባርቶሬሊ የሚባል ተራ መንገደኛ ሆኑ። በስናር አድርገው ጎጃም ደረሱ፤ በ1852 መጨረሻ ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ፣ አሰንዳቦ ገቡ።

የፈንጣጣው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ፈንጣጣ በዚያ ዘመን መንደር ሙሉ የሚጨርስ፣ የተረፈውን ፊቱን አበላሽቶና ዓይኑን አጥፍቶ የሚሄድ በሽታ ነበር። ሀገሬው ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ ጤነኛውን በመጫር መከላከል ያውቅ ነበር፤ ችግሩ አንዳንዴ የተጫረው ራሱ በጽኑ ታሞ በሽታውን ማዛመቱ ነው። አቡነ ማስያስ ያመጡት መነሻው የላም ፈንጣጣ የሆነውን፣ እጅግ የቀለለውን ክትባት ነው።

የእንስሳት ክትባት ዘመቻ ያየ ሰው መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ተይዞ እንደሚዞር ያውቃል። ያን ጊዜ በረዶም ሣጥንም የለም። የዘመኑ ዘዴ ከክንድ ወደ ክንድ ማሻገር ነበር፤ አንድ ሕፃን ክንዱ ላይ ይጫራል፣ በስምንተኛው ቀን ገደማ ቁስሉ ውኃ ሲቋጥር ከዚያ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል። የተከተበው ሰው በቀጠሮው ካልተመለሰ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ክትባቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው የሐኪም እጅ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ እምነት ይጠይቅ ነበር፤ እናት ልጇን መልሳ ማምጣት ነበረባት። በጉድሩና ከዚያም ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ በተጓዙባቸው አገሮች ሰው ተሰልፎ የመጣላቸው ይህን እምነት ስላገኙ ነው። የሰበኩትን ያልተቀበለ ሁሉ ክትባታቸውን ተቀብሏል ማለት ይቻላል።

በ1859 ካፋ ገቡ። በዚያ ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው በ1861 ተባረሩ፤ ሆኖም የሾሟቸው የሀገር ተወላጅ ካህናት ምእመናኑን ይዘው ቀሩ። ከካፋ ሲመለሱ በ1863 የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ያዟቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ካዩአቸው በኋላ ለቀቋቸው። ወደ አውሮፓ ተሻግረው በ1867 በፓሪስ ለመልእክተኞች ማስተማሪያ የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳተሙ።

በ1868 በሸዋ በኩል ተመለሱ። ሐሳባቸው አልፈው ወደ ኦሮሞ ምድር መሄድ ነበር፤ ንጉሥ ምኒልክ ግን አጠገባቸው እንዲቆዩ ፈለጉ። እንግድነቱ አሥራ አንድ ዓመት ዘለቀ። አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር በፊንፊኔ የተልእኮ ጣቢያ ተሰጣቸው። በ1876 በማርኬዝ አንቲኖሪ የተመራው የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ሸዋ ሲመጣም በምኒልክ ዘንድ ደጋፊው እሳቸው ነበሩ። ይህ የሕይወታቸው ክፍል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቀጥሎ የመጣውን የጣሊያንን ወረራ በአንድ መነኩሴ ጫንቃ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ ለሀገራቸው መንግሥት መንገድ የሚጠርግ ምክር አልሰጡም ማለትም አይቻልም።

በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ የውጭ ሰባክያንን ማስወጣት ከስምምነቱ አንዱ ሆነ። አቡነ ማስያስ በ1879 ሰባ ዓመት በሞላቸው ጊዜ ከሸዋ ወጡ፤ በደብረ ታቦርና በመተማ አድርገው ሱዳን፣ ከዚያም ግብፅ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ኃላፊነታቸውን አስረከቡ። ሊቀ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1884 ካርዲናል አደረጓቸው፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ታሪካቸውንም እንዲጽፉ አዘዟቸው። ማስታወሻዎቻቸው በየስደቱ ስለጠፉ አብዛኛውን በትዝታ ነው የጻፉት። ሥራው አሥራ ሁለት ትልልቅ ቅጽ ሆነ፤ ከ1885 ጀምሮ ሲታተም ቆይቶ የመጨረሻው የወጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ያረፉት በኦገስት 1889 በኔፕልስ አቅራቢያ ሲሆን የተቀበሩት በሮም አጠገብ በፍራስካቲ ነው።

መንበሩን የወረሱት አብረዋቸው የተሰደዱት ፈረንሳዊው ታውሪን ካኝ ናቸው። እሳቸውም ወደ ሸዋ መግባት ቢዘጋባቸው ሐረር ላይ ተቀመጡ፤ የቪካሪያቱ መናገሻም በዚያው ሐረር ሆኖ ቀረ። በ1900 የተተኩት እንድርያስ ዣሮሶ፣ ሐረሬዎች አባ እንድርያስ ያሏቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ መርተዋል። ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን ወደ እሳቸው ዘንድ ልከው አስተምረዋል። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተሠራውም በዚያ ዘመን ነው። ጣሊያን ሀገሪቱን በያዘ ጊዜ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረቡትን ፈረንሳዊ ጳጳስ አላስቀመጣቸውም፤ በ1937 ጣሊያናዊው ሊዮኔ ኦሶላ ተተኩ፣ አባ እንድርያስም በ1941 በፈረንሳይ ሀገር በቱሉዝ ከተማ ሞቱ።

ለአቡነ ማስያስ በአንድነት ተሰጥቶ የነበረው ያ ሰፊ ክልል በየጊዜው ተከፋፍሎ ዛሬ ነቀምት፣ ጅማ፣ መቂ እያሉ በየስማቸው የሚጠሩ መንበሮችን አስገኝቷል። የእሳቸው የቅድስና ጉዳይ በሮም ሲመረመር ቆይቶ በ2016 ክቡር የሚለው ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።