አፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል መንገድ

በፊዚክስ ክፍል ስለ ኃይል ስንማር በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍና የሚገፋ ጋሪ ምሳሌ ይሆኑልናል። ምሳሌዎቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን እኛ የላስታ ተማሪዎች ከአገራችን ብዙ ሳንርቅ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ እናገኛለን። ይኸውም ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ከላስታ በስተደቡብ ባለው በዋድላና በደላንታ ምድር ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስጎተቱበት መንገድ ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእኚህን ንጉሠ ነገሥት ታሪክ፣ ይልቁንም የመጨረሻ ጉዟቸውን፣ ልንጽፍ ወደድን።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በገዳም ከተማሩ በኋላ ሸፍተው ጦር አበጁ። መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል እየነሡ፣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው፣ እዚያው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሐሳባቸው አገሪቱን በአንድ ዘውድ ሥር ማዋልና የራሷን መሣሪያ የምትሠራ ማድረግ ነበር። ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ብዙ ደም አፈሰሰ። የዋግ ሹም ገብረ መድኅንን በሞት ስለ ቀጡ፣ ልጃቸው ዋግ ሹም ጎበዜ ሸፍተው ዋግንና ላስታን ያዙ። የላስታ ሰው ስለ ቴዎድሮስ ሲጽፍ ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን፣ እንደነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉት፣ የመጡት ወንጌል ለማስተማርና በእጅ ሥራቸው ለመኖር ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው። አብዛኞቹ ሥራውን ቀድሞ አያውቁትም ነበርና ብዙ ከደከሙ በኋላ ነው የተሳካላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ከዚያ የሚያበዙትም አሉ። በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

ንጉሡ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለ ነበር፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ላከ። አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፋቸውን በሰረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖልን 500 ያህል ሰዎች በጠፍር ይጎትቱት ነበር።

አሁን ወደ ትምህርታችን እንመለስ። 7 ቶን የሆነውን መድፍ ምድር ወደ ታች የምትስበው በ70,000 ኒውተን ያህል ነው። በሜዳ ላይ ሲቆም መሬቱ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይደግፈዋልና ሁለቱ ኃይሎች ተመዛዝነዋል። የተጣራው ኃይል፣ ማለት ተደምሮና ተቀናንሶ የሚቀረው፣ ዜሮ ነው። በአቀበት ግን ነገሩ ይለወጣል። በየ10 ሜትሩ 3 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ፣ ከክብደቱ ወደ ኋላ የሚጎትተው ድርሻ 21,000 ኒውተን ይሆናል። ይህ ለ500 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 42 ኒውተን ብቻ ነው፤ ከ4 ኪሎ እህል ክብደት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህንንማ ከእኛ ታናናሾች ከገበያ ይሸከሙታል! ታዲያ ጉዞው ስለ ምን ስድስት ወር ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ ፈጀ?

አንደኛ ነገር፣ የሰረገላው ክብደትና የመንኮራኩሩ ፍትጊያ በሒሳቡ ላይ ይጨመራል። ሁለተኛም መንገድ የሚባል አልነበረም፤ ገደሉ እየተናደና ድንጋዩ እየተፈነቀለ የተሠራው በዚያው ጉዞ ላይ ነው፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። በመታጠፊያ ላይ ጠፍሩ ከሰረገላው አቅጣጫ 60 ዲግሪ ዞር ያለ እንደ ሆነ ከጎታቹ ድካም ወደ ፊት የሚያገለግለው ግማሹ ነው። 500 ሰው እኩል ካልሳበም አንዱ ሲጎትት ሌላው ያርፋል፤ የሰው ብዛት ሳይሆን የተጣራው ኃይል ነው መድፉን የሚያስነሣው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ኃይሎች ተመዛዘኑ ማለት ነገሩ የግድ ቆመ ማለት አይደለም። ሰረገላው ከቆመበት እንዲነሣ ስበቱ ከሚቃወመው ኃይል መብለጥ አለበት፤ ከተነሣ በኋላ ግን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሄድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚስቡት ኃይሎች እኩል ናቸው። ወደ ጂዳ ሸለቆ፣ ኋላም ወደ በሽሎ፣ 1,000 ሜትር ያህል ሲወርዱ ደግሞ ያ 21,000 ኒውተን የሚስበው ወደ ፊት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ከኋላ ሆነው ይይዙታል። በልኩ ከያዙት ቀስ እያለ በእኩል ፍጥነት ይወርዳል። ጠፍሩ ቢበጠስ ግን፣ ፍትጊያውን ለጊዜው ብንተወው፣ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ 3 ሜትር እየጨመረ በ4 ሴኮንድ እንደሚጋልብ ፈረስ ይሆናል። ከፊት የቆመ ሰው ዕድሉን እናስበው። በዚህ ቁልቁለት ሁሉ መድፉ ሳይሰበር መውረዱ ከማናቸውም ድል ይልቅ ያስደንቀናል።

ንጉሡ ይህን ሁሉ ሲደክሙ ሠራዊታቸው እየከዳ አለቀ፤ ቀድሞ እጅግ ብዙ የነበረው ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ። ናፒየር ግን ከባድ መድፎቹን በዝሆን ጭኖ፣ ዋግ ሹም ጎበዜም ሳይቃወሙት፣ በላስታ ምድር አለፈ። ከዋድላ ወደ ደላንታ የተሻገረውም ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነበር።

ሴባስቶፖል በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ፤ ያን ያህል የተደከመበት መድፍም አልረዳቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ዋግ ሹም ጎበዜም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ 1863 ዓ.ም. ነገሡ። እንግሊዞች መቅደላን አቃጥለው ሲመለሱ ዘውዱን፣ ታቦታቱንና የብራና መጻሕፍቱን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱ። ሴባስቶፖልን ግን እዚያው ተዉት፤ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።