ከሐዲዱ ሥር ያለው ጎማ
(የጆን ሚለር አጭር የሕይወት ታሪክ)

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማወሳው መሐንዲስ ስሙ የሚነሳው በድልድይ ወይም በግድብ አይደለም። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈራበትን ነገር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ስሙ ጆን ሚለር ይባላል። ሥራው ሮለር ኮስተር ነበር፤ በመዝናኛ ቦታ ሰው ጭኖ ሽቅብ የሚወጣና ቁልቁል የሚወረወር ባለሐዲድ ጋሪ፣ ያውም መቆሚያው ሁሉ ከእንጨት የሆነ።

እኔ የእንጨት ሮለር ኮስተር ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶውን ሳይ ወዲያው ትዝ ያለኝ ኮዬ ፈጬ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ሕንጻዎቹን ከበው የቆሙት የባሕር ዛፍ አጠናዎች ልክ እንደዚያ ነበሩ፤ ቋሚ፣ አግዳሚ፣ ሰያፍ። በክረምት ዕረፍት እዚያ የቀን ሥራ ስሠራ፣ አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የመወጣጫውን ጣውላ ጫፍ ረገጠ። ጣውላው አልተሰበረም፤ በሌላኛው ጫፉ ብድግ አለ እንጂ። ልጁ እግዚአብሔር ረድቶት አንዱን ቋሚ አቅፎ ቀረ። ሁላችንም እንጨቱ ሸክም ይችላል ወይ እያልን ነበር የምንጨነቀው። ወደ ላይ እንዳይነሳ ከሥር ያሰረው ግን አልነበረም። ሚለርን የወደድኩት በዚህ የተነሳ ነው።

ሚለር በ1872 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ተወለደ። በ19 ዓመቱ ላማርከስ ቶምሰን ዘንድ ሥራ ገባ፤ በኋላም ዋና መሐንዲሱ ሆነ። ቶምሰን በ1884 በኒውዮርክ ኮኒ ደሴት ላይ በ5 ሳንቲም የሚያሳፍር የእንጨት ሐዲድ የሠራ ሰው ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ደህና ሯጭ ይቀድመዋል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ፈጣን ጋሪ መሥራት ያልተቻለው ለምን ነበር? ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሪውን ሐዲዱ ላይ የሚያቆየው የራሱ ክብደት ብቻ ነበር። በጎን እንዳይወጣ ግራና ቀኝ ይከለላል፤ ወደ ላይ ቢዘል ግን የሚይዘው የለም። የኮረብታውን ጫፍ በፍጥነት ያለፈ ጋሪ ደግሞ ሐዲዱ ቁልቁል ቢታጠፍም እሱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሁሉ ለስለስ ማለት ነበረበት።

ሚለር መጀመሪያ የሽቅቡን አደጋ ፈታ። በ1910 ገደማ፣ ሽቅብ የሚጎትተው ሰንሰለት ቢበጠስ ጋሪው ወደኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጥርስና መንጠቆ ሠራ። ዛሬ በብዙ ሮለር ኮስተሮች ሽቅብ ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የዚያ መንጠቆ ድምፅ ነው። ከዚያም በ1919 ትልቁን ሐሳቡን በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ከሐዲዱ ሥር የሚሄድ ተጨማሪ የብረት ጎማ። የላይኛው ጎማ ሸክሙን ይይዛል፣ የታችኛው ደግሞ ጋሪው እንዳይነሳ ያደርጋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1920 ፒትስበርግ አጠገብ በሚገኘው ኬኒውድ የተባለ መዝናኛ ጃክ ራቢት የተሰኘውን የእንጨት ሮለር ኮስተር ሠራ። ትልቁ ቁልቁለቱ 21 ሜትር ያህል ነው። በአንዱ ሁለት ተከታታይ ቁልቁለት ላይ ተሳፋሪው ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ጋሪው ግን ከሐዲዱ አይለቅም። ይህ ሥራው መቶ ዓመት አልፎትም ሰው ያሳፍራል።

ከ1929 በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙ መዝናኛዎችን ዘጋ፤ በርካታ የእንጨት ሐዲዶችም ፈረሱ። ሚለር ከ100 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቦ በ1941 በቴክሳስ ግዛት ሂውስተን ከተማ አረፈ። እንጨቱ ቢፈርስም ሐሳቡ አልፈረሰም፤ ዛሬ በብረት በሚሠሩት ታላላቅ ሮለር ኮስተሮችም ሥር ያ ጎማ አለ። ተሳፋሪው አያየውም፤ እየጮኸ የሚስቀው ግን በእሱ ተማምኖ ነው።

እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ሸክም ስናሰላ ቀስቱን ሁልጊዜ ወደ ታች እንስላለን። ኮዬ ፈጬ ላይ ልጁ ከተረፈ በኋላ ፎርማኑ ጣውላዎቹን ሁሉ ከሥር በሽቦ አሳሰረ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ያ ግማሽ ቀን ግን ከአደጋው በፊት መሆን ነበረበት። ሚለር ያስተማረኝ ይህንን ነው።