ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ፣ የጎዳና ልጆች አባት

አሳዳጊ ያጡ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው ሁላችን እናያለን። ለእነርሱ ምን ልናደርግ እንደሚገባን የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሕይወት ያስተምረናልና ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ በ1815 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ ቤኪ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ማርጋሪታ በድህነት አሳደገችው። በልጅነቱ በሰው እርሻ ተቀጥሮ ሠራ፤ ኋላም በኪዬሪ ከተማ የተማረው በልብስ ስፌትና በቡና ቤት እየሠራ ነው። በ1841 ዓ.ም. በቶሪኖ ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ።

በዚያን ጊዜ ከገጠርና ከተራራማው አገር ሥራ ፍለጋ ወደ ቶሪኖ የሚፈልሱ ልጆች ብዙዎች ነበሩ። ከፊሎቹ በግንበኛ ረዳትነትና በጭስ ማውጫ ጠራጊነት ሲያድሩ፣ ሥራ ያጡት በየአደባባዩ ይንከራተቱ ነበር። ወጣቱ ካህን በመንፈሳዊ አባቱ በቅዱስ ዮሴፍ ካፋሶ መሪነት ወህኒ ቤቶችን ሲጎበኝ፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ብዙ እስረኞችን አገኘ። ሲፈቱ የሚቀበላቸው ወዳጅ ስለሌላቸው ተመልሰው እንደሚታሰሩም ተረዳ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን ቅዳሴ ሊያሳርግ ሲዘጋጅ፣ ቅዳሴ ማገልገል የማይችል አንድ ምስኪን ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ተደብድቦ ሲባረር አየ። ወዲያውኑ አስጠራው። ልጁ ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የተባለ፣ እናትና አባት የሌለው፣ ማንበብ የማያውቅ የ16 ዓመት ወጣት ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ ከቅዳሴ በኋላ በትዕግሥት ማማተብን አስተማረው። ታላቁ ሥራው የተጀመረው ከዚህች ትንሽ ትምህርት ነው።

የልጆቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ጎረቤቶች በጩኸታቸው ተማረሩ፤ ማኅበሩም ከቦታ ወደ ቦታ ተሰደደ። አንዳንድ ካህናት እንኳ አእምሮው የተነካ መሰላቸው። በመጨረሻ በ1846 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ቫልዶኮ በተባለው ሰፈር አንድ ዳስ ተከራየ። በዚያው ዓመት እናቱ ማርጋሪታ መንደርዋን ትታ ልታግዘው መጣች። መጀመሪያ ያስጠጓቸው ልጆች ብርድ ልብሱን ሰርቀው ጠፉ። ቢሆንም በ1847 ዓ.ም. አንድ ወላጅ የሌለው ልጅ በዝናብ ረጥቦ ደጃቸውን ሲያንኳኳ፣ ማርጋሪታ በማድ ቤት መኝታ አዘጋጀችለት።

ቅዱሱ ልጆችን መጠለያ በመስጠት ብቻ አልተወሰነም። ለሙያ ተለማማጆቹ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ውል እየጻፈ፣ ጌታው ልጁን እንዳይመታና በበዓላት እንዲያሳርፈው ያስፈርም ነበር። ከ1853 ዓ.ም. ጀምሮም የጫማና የልብስ ስፌት፣ ቀጥሎ የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የአናጢነትና የኅትመት ሥራ ቤቶችን አቋቋመ። አስተዳደጉም በአእምሮ፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ የቆመ ነበር።

የሳሌዥያንን ማኅበር በ1859 ዓ.ም. መሥርቶ በ1888 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በ1934 ዓ.ም. ቅድስናው ታወጀ። ልጆቹ ሳሌዥያን በ1975 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው፣ በሙያ ትምህርት ቤቶቻቸው ወጣቶችን አሠልጥነዋል።

እንግዲህ ውድ ምእመናንና መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፣ በዚያች ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልጁን ያባረረና ያስጠራ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግሉ ነበሩ። ነገ በደጃችን የሚቆመው ልጅ ከሁለቱ የትኛውን በእኛ ዘንድ ያገኝ ይሆን?