በአፍ የቀረ ስም፦ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሰላ ገበያ አረጋውያን በዋጋ ሲከራከሩ ምኒልክ ይሙት ብለው ሲምሉ እየሰማን አድገናል።

የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ሣህለ ማርያም በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በመቅደላ በግዞት ኖሩ። በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ባላገሩም ለቃሉ የንጉሡን ሕይወት መያዣ አደረገ፤ ስማቸው መሐላ ሆነ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ሕዝቡም ሳያውቅ በሞተ ሰው ሕይወት ይምል ነበር።

ምእመናን ሆይ፥ ጌታችን በተራራው ስብከቱ መሐላን የከለከለው ቃላችን ያለ መያዣ እንዲታመን ነው። ንጉሡን በጸሎት እናስባቸው እንጂ በስማቸው አንማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።