የቀዶ ሕክምና ትምህርትን ወደ አገር ቤት ያመጡት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻና ከአካባቢው ገጠሮች የሚመጡ ሕሙማንን ይቀበላል። ትርፍ አንጀት ያጣደፈው አርሶ አደርም ሆነ በፋብሪካ ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት የከተማ ነዋሪ ዛሬ በአገሩ ልጅ እጅ ቀዶ ሕክምና ያገኛል። ከ60 ዓመታት በፊት ግን ቀዶ ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ በአገሩ የሚያመለክትበት የሥልጠና ቦታ አልነበረውም። ይህን ታሪክ ከቀየሩት ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው።

አሥራት በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋን ተከትሎ አባታቸው በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ተገደሉ። ልጅነታቸውን በድሬዳዋ ካሳለፉ በኋላ ከነጻነት ማግስት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በግብፅ እስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በስኮትላንድ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት አገለገሉ። በቀዶ ሕክምና ለመሠልጠን ግን ዳግመኛ ባሕር መሻገር ግድ ሆነባቸው። በኤድንብራ ሥልጠናቸውን አጠናቀው ሲመለሱ በዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ።

የእርሳቸው ትልቁ ሥራ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀዶ ሐኪም በቀን የሚደርስላቸው ሕሙማን ጥቂት ናቸው፤ ሐኪሞችን ያሠለጠነ እንደሆነ ግን እጁ ይበዛል። ፕሮፌሰር አሥራት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እንዲቋቋም ከደከሙት መካከል ነበሩ፤ በዲንነትና በቀዶ ሕክምና መምህርነትም አገለገሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የስፔሻሊስት ሥልጠና ሲጀመርም ድርሻቸው ጉልህ ነበር። ሠልጣኙ ሐኪም በአገሩ ሕሙማን አልጋ አጠገብ ሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ አስቀድሞ ነባሩን ሐኪም እየረዳ፣ ቆይቶም በመምህሩ ዐይን ሥር ራሱ ቢላዋ እየያዘ ሙያውን የሚቀስምበት ሥርዓት ተተከለ።

ፕሮፌሰሩ በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሥርተው በሊቀ መንበርነት መሩ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ። ለዐሥርት ዓመታት ካስተማሩበት ጉባኤ የተለዩት መምህር በቀጣዩ ዓመት ታሰሩ፤ በእስር ቤትም ጤናቸው ታወከ። በ1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ አሜሪካ እንዲሄዱ ቢፈቀድላቸውም፣ ሲያክሙ የኖሩት ሐኪም ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ዐረፉ።

ዛሬ በቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚፈልግ ሐኪም ብሔራዊ ፈተና ወስዶ በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በጅማና በሌሎችም የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለሚገኝ ቦታ ይወዳደራል። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጤና ሳይንስ ካምፓስም በስማቸው ይጠራል። በ1950ዎቹ ወጣቱ አሥራት በአገራቸው ያጡትን የመማሪያ ቦታ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ በደጁ አግኝቶታል።