የተሰነጠቀው ወንበር፦ ቻርለስ ኢምስ

ቻርለስ ኢምስ እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። በዚያው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ቢጀምርም ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1938 አርክቴክቱ ኤሊየል ሳሪነን ጋብዞት ሚሺጋን ወደሚገኘው ክራንብሩክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለከፍተኛ ጥናት ገባ። በዚያን ጊዜ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነበር።

በክራንብሩክ ትምህርቱ የሚቀሰመው ከክፍል ይልቅ በወርክሾፕ ነበር። ኢምስ ከኤሊየል ልጅ ከኤሮ ጋር ሆኖ የኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ውድድር አሸነፈ። ነገር ግን የተሸለመው ወንበር ለፋብሪካ አልመች አለ። ኮምፔንሳቶው በብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ ጉድለቱ በጨርቅ ተሸፈነ።

ኢምስ በሽልማቱ አልተዘናጋም። እ.ኤ.አ. በ1941 በክራንብሩክ የተዋወቃትን ሠዓሊ ሬይ ካይዘርን አግብቶ ሎስ አንጀለስ ገባ። በተከራዩት ቤት ውስጥ ከጀሶ ቅርጽ ማውጫና ከብስክሌት መንፊያ የእንጨት ማጠፊያ መሣሪያ ሠሩ። በዚህ መንገድ ያዳበሩት ዘዴ በጦርነቱ ዘመን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል 150,000 ያህል የተሰበረ እግር መደገፊያ ለማምረት አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ በታየው ወንበርም መቀመጫውና መደገፊያው ለየብቻ ታጠፉ፤ ስንጥቁን የሚሸፍን ጨርቅም አላስፈለገም።

ኢምስ እ.ኤ.አ. በ1978 አረፈ። ለእኛ ለመሐንዲሶች የተወው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ዳኞች ያጸደቁትን ንድፍ፣ ቁሳቁሱም ሊያጸድቀው ይገባል።