በስውር የተሠራ ሥራ፤ የዮሐን ሰባስትያን ባኽ ሕይወት

ብዙ ሰው ሥራውን በትጋት የሚሠራው የሚያይለት ሲኖር ነው። የሚያመሰግነው ያጣ እንደ ሆነ ግን እጁ ይዝላል፤ ልቡም ይቀዘቅዛል። ይህ ፈተና ለሚደርስበት ሁሉ ይጠቅም ዘንድ በጀርመን አገር የነበረውን የዜማ ደራሲ የዮሐን ሰባስትያን ባኽን ሕይወት ባጭሩ እንተርካለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ባኽ በ1685 ዓ.ም. በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የከተማው ሙዚቀኛ ነበረ፤ ዘመዶቹም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው በዚሁ ሙያ የሚተዳደሩ ነበሩ። ልጁ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተች፤ ዓመት ሳይሞላም አባቱ ተከተላት። ከዚህ በኋላ በኦርድሩፍ ኦርጋን መቺ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። በወንድሙ ቤት የታወቁ ሊቃውንት ዜማ የተጻፈበት መጽሐፍ ነበረ፤ ልጁ ግን እንዲያየው አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ሌሊት እየተነሣ፣ መብራት ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን፣ ስድስት ወር ሙሉ እንደ ገለበጠው ከሞተ በኋላ በተጻፈው ታሪኩ ተተርኳል። ወንድሙም ይህን ባወቀ ጊዜ የገለበጠውን ሁሉ ወሰደበት። የመጀመሪያው ድካሙ እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለው ነበረ።

በ18 ዓመቱ በአርንሽታት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆነ። ያን ጊዜ እንደ ብዙ ጐልማሳ ትዕቢትና ቍጣ ነበረበት። አንዱን ተማሪ ስለ አጨዋወቱ ሰድቦት በመንገድ ላይ ተጣሉ። በ1705 ዓ.ም. ደግሞ ቡክስተሁደ የሚባለውን ስመ ጥር የኦርጋን ሊቅ ለመስማት ወደ ሉቤክ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። የተሰጠው ፈቃድ የአራት ሳምንት ሲሆን አራት ወር ያህል ቈይቶ ስለ ተመለሰ አለቆቹ ገሠጹት። በ1717 ዓ.ም. በቫይማር ሳለ መስፍኑ እንዲያሰናብተው ከልክ በላይ ስለ ወተወተ አራት ሳምንት ያህል ታሰረ። ይህን መናገራችን ሙቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሱም እንደ እኛ ድካም የነበረበት ሰው መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ከእስር ከወጣ በኋላ በኮተን መስፍን ቤት አገለገለ። በ1720 ዓ.ም. ጌታውን ተከትሎ ወደ ካርልስባድ ሄደ፤ ሲመለስ ሚስቱ ማርያ ባርባራ ሞታ ተቀብራ ቈየችው። በዓመቱ አና ማግዳሌና የምትባል ድምፀ መልካም ሴት አገባ። ከሁለቱ ሚስቶቹ 20 ልጆች ተወለዱለት፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን 10 ብቻ ናቸው። ይህ አባት ስንት ጊዜ ከመቃብር እንደ ተመለሰ አንባቢው ራሱ ያስብ።

በ1723 ዓ.ም. የላይፕሲሽ ከተማ ሹማምንት የመዘምራን መሪ ይፈልጉ ነበር። አስቀድመው የመረጡት በዚያ ዘመን ስሙ ከሁሉ የገነነውን ቴሌማንን ነበረ፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ቀጥሎ ክሪስቶፍ ግራውፕነርን ጠሩ፤ እርሱንም የዳርምሽታት ጌታው አልለቅም አለ። እንግዲህ ባኽ የተሾመው ሌሎች ስለ ታጡ ነው። ግራውፕነር ግን ቦታው ስላመለጠው አልቀናም፤ ይልቁንም ለሹማምንቱ ጽፎ የባኽን ችሎታ መሰከረ። ስለ ባልንጀራው በጎ መናገር የሚከብደው ሰው ከዚህ ይማር።

ባኽ በላይፕሲሽ 27 ዓመት አገለገለ። በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ልጆችን ያስተምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ለእሑድና ለበዓል ሳምንት በሳምንት አዲስ መዝሙር ይደርሳል፤ ሚስቱና ደቀ መዛሙርቱ ይገለብጣሉ፤ መዘምራኑ ያጠናሉ። መዝሙሩም ከተሰማ በኋላ በሣጥን ይቀመጣል። የመዘምራኑ ቍጥር ማነሱንና የገንዘቡን ጥበት ለሹማምንቱ ቢያመለክትም ብዙ አልሰሙትም። እርሱ ግን ሥራውን አላቃለለም። በብዙ ድርሰቶቹ ራስጌ የኢየሱስን ርዳታ የሚለምኑ ፊደላት፣ በግርጌያቸውም ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን የሚያመለክቱ ፊደላት ይጽፍ ነበር። በ1934 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚሺጋን የተገኘው መጽሐፍ ቅዱሱም በዳርቻው የራሱ የእጅ ጽሕፈት አለበት፤ ለሰው ሊያሳየው ሳይሆን ብቻውን ሲያነብ የጻፈው ነው።

በ1750 ዓ.ም. ዐይኑ ስለ ደከመ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀደደው፤ ነገር ግን ፈጽሞ ታወረ። በሐምሌም ወር በ65 ዓመቱ ሞተ። በመቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመለትም። ሚስቱ አና ማግዳሌና ዐሥር ዓመት በድኽነት ኖራ በምጽዋት ስትረዳ ሞተች። ብዙዎቹ መዝሙሮቹ ጠፉ፤ የተረፉትንም ከደቀ መዛሙርቱና ከጥቂት ሊቃውንት በቀር የሚያስባቸው አልነበረም። ልጁ ካርል ፊሊፕ አማኑኤል ከአባቱ ይልቅ ዝነኛ ሆነ።

ነገር ግን በ1829 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጐልማሳ የነበረው ፊሊክስ ሜንደልስዞን፣ በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተጻፈው የጌታን ሕማማት የሚተርከውን የባኽ ድርሰት በበርሊን አሰማ፤ ሕዝቡም እጅግ ተደነቀ። በ1850 ዓ.ም. ድርሰቶቹን ሁሉ ለማሳተም ማኅበር ተቋቋመ፤ ሥራውም ሃምሳ ዓመት ያህል ወሰደ።

ድምፅን በሸክላ የመቅረጽ ጥበብ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የሣጥኑ ዜማ ወደ ብዙ አገር ወጣ። በጋቦን ላምባሬኔ ሐኪም ቤት ያቋቋመው አልበርት ሽቫይጸር የባኽን ድርሰቶች በኦርጋን እየመታ ለበሽተኞቹ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. በለንደን በሸክላ አስቀረጻቸው። ፓብሎ ካዛልስ በ1890 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ሳለ በባርሴሎና ሱቅ ውስጥ ለቼሎ የተጻፉትን የባኽን ድርሰቶች አገኘ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ካጠናቸው በኋላ በአደባባይ መታቸው፤ ከ1936 እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስም በሸክላ አስቀረጻቸው። ከ1971 እስከ 1989 ዓ.ም. ሃርኖንኩርትና ሌዮንሃርት የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የተረፉትን ሁለት መቶ ያህል የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮቹን አስቀረጹ። ለአንዲት እሑድ ተብሎ የተጻፈው ዛሬ በየአገሩ ይሰማል።

ግራውፕነርስ? እርሱም ከ1,400 በላይ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደርሶ፣ በሽምግልናው ታውሮ፣ በ1760 ዓ.ም. ሞተ። ስለ መጽሐፎቹ ወራሾቹና የዳርምሽታት ቤተ መንግሥት ተካሰሱ፤ በዚህ ምክንያት ሳይበተኑ በአንድ ቦታ ቀሩ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተረስተው ከቈዩ በኋላ አሁን ጥቂት በጥቂት እየተቀረጹ ነው። የሚበዙት ግን ገና ሰሚ አላገኙም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሦስት ነገር ተማር። በመጀመሪያ፣ የተመረጥኸው ሌላ ሰው ስለ ታጣ ቢሆንም እንኳ ሥራህን እንደ መጀመሪያው ምርጥ ሆነህ ሥራ። ሁለተኛ፣ የሞተውን ስታከብር በሕይወት ያለችውን መበለቱን አትርሳ፤ የላይፕሲሽ ሰዎች የባኽን ዜማ ሰምተው ሚስቱን ለምጽዋት ትተዋታልና። ሦስተኛ፣ የሥራህ ፍሬ በዘመንህ ባይታይ ተስፋ አትቍረጥ። ባኽ ሸክላውን አላየም፤ ሜንደልስዞንንም አላወቀም። ሁሉም ደግሞ እንደ ባኽ ኋላ በሰው ዘንድ አይከበርም፤ ግራውፕነርን አስብ። ነገር ግን ሁለቱም ለሚመጣው እሑድ የተገባውን መዝሙር አዘጋጅተው ተኝተዋል። ለአንተም የዛሬው ሥራህ ይህ ነው።